ሦስት ጊዜ የፈረሰ ስኳድሮን ዛሬም እንዴት «ያው ራሱ» ይባላል?

በጁን 2018 ኤፍ-35ቢ የተባሉ አራት ተዋጊ ጄቶች አትላንቲክን ተሻግረው ምሥራቅ እንግሊዝ ውስጥ በሚገኘው የማርሃም አየር ኃይል ጣቢያ አረፉ። ዜናው የአዲስ ጄት መምጣት ብቻ አልነበረም። የ1943ቱ «ዳምባስተርስ»፣ ማለትም የግድብ ሰባሪዎቹ ስኳድሮን ተመልሶ መጣ ተብሎ ተወራ። ከዚያ ወዲህ 617 ቁጥር ስኳድሮን በዜና በተነሣ ቁጥር ይኸው ታሪክ አብሮት ይነሣል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ትንሽ የተከታተለ ሰው ግን ይጠይቃል። ይህ ስኳድሮን በ2014 ፈርሷል ተብሎ አልነበረም? በ1981ስ? በ1955ስ? የያኔው አውሮፕላን ዛሬ ከአገልግሎት ውጭ ነው። ግድቦቹን ከመቱት ሰዎች የመጨረሻው ጆርጅ «ጆኒ» ጆንሰን በዲሴምበር 2022 በ101 ዓመቱ አርፏል። ጣቢያውም ተለውጧል። ታዲያ «ተመለሰ» የተባለው ማን ነው?

ጥያቄው የቃላት ጨዋታ ይመስላል እንጂ አይደለም። ስኳድሮን ምን እንደሆነ፣ አየር ኃይሎች የድሮ ስም ለምን እንደሚጠብቁና ያ ስም ምን እንደሚሸፍን የሚታየው እዚህ ላይ ነው።

ስኳድሮን ሲባል ምን ማለት ነው?

ቃሉ ወደ አየር ኃይል የመጣው ከፈረሰኛ ጦር ነው። በአየር ኃይል ደግሞ አንድ ዓይነት ሥራ የሚሠሩ፣ ብዙ ጊዜም አንድ ዓይነት አውሮፕላን የሚያበሩ ሰዎች የሚታቀፉበት መሠረታዊ የውጊያ ክፍል ነው። የአውሮፕላኑ ቁጥር እንደየአገሩና እንደየዘመኑ ይለያያል። ብዙውን ጊዜ ከ10 እስከ 24 ነው። ከሥሩ «ፍላይት» የሚባሉ አነስተኛ ቡድኖች አሉ። ከበላዩ ደግሞ «ዊንግ» ወይም ክንፍ አለ።

ብዙዎች ስኳድሮን ሲባል አብራሪዎቹ ብቻ ይታዩዋቸዋል። ከአንድ አብራሪ ጀርባ ግን ሞተር የሚፈትሹ፣ መሣሪያ የሚጭኑ፣ ወረቀት የሚይዙ ብዙ ሰዎች አሉ። አብራሪ ሳይኖረው የሰነበተ ስኳድሮን ሊኖር ይችላል። ቴክኒሻን የሌለው ግን አንድ ሳምንትም አይቆይም።

ማዕረጉም ያደናግራል። በእንግሊዝ አየር ኃይል «ስኳድሮን ሊደር» የሚባል ማዕረግ አለ። ከሻለቃ ጋር የሚመጣጠን ነው። ስሙ «የስኳድሮን መሪ» ማለት ቢሆንም የውጊያ ስኳድሮንን የሚመራው አብዛኛውን ጊዜ ከእሱ አንድ ደረጃ ከፍ ያለው «ዊንግ ኮማንደር» ነው። ያ ደግሞ ስሙ «የክንፍ አዛዥ» ሆኖ ሳለ ክንፍ አያዝዝም። ዜና ሲተረጎም ከሚሳሳቱት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ቁጥሩስ? 617 ሲባል እንግሊዝ 617 ስኳድሮኖች አሏት ማለት አይደለም። ቁጥሮቹ የተሰጡት በየምድቡ ነው። ለምሳሌ ከ600 እስከ 616 ያሉት የተያዙት በተጠባባቂው አየር ኃይል ነበር። በማርች 1943 አዲስ ቡድን ሲመሠረት ቀጣዩ ነጻ ቁጥር 617 ሆነ። በቃ፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ለጥቂት ቀናት እንዲያውም ቁጥርም አልነበረውም፤ «ስኳድሮን ኤክስ» ነበር የሚባለው።

ለአንድ ሌሊት የተቋቋመ ቡድን

አብዛኛው ስኳድሮን ይቋቋምና ሥራ ይሰጠዋል። 617 በተቃራኒው ነው። ሥራው አስቀድሞ ነበር፤ ስኳድሮኑ የተፈጠረው ለእሱ ነው።

ሥራው የጀርመንን የሩር ኢንዱስትሪ አካባቢ በውሃና በኤሌክትሪክ የሚመግቡትን ግድቦች መስበር ነበር። ችግሩ ግድብ በተራ ቦምብ አለመፍረሱ ነው። የሞህነ ግድብ 40 ሜትር ከፍታ ያለው የድንጋይ ግንብ ነው። ከላይ የሚጣል ቦምብ ቢስት ውሃ ውስጥ ርቆ ይፈነዳል፤ ቢመታም ጫፉን ይሸርፋል። በውሃ ውስጥ የሚላክ ቶርፔዶ እንዳይቀርብ ደግሞ ጀርመኖች ከግንቡ ፊት መረብ ዘርግተዋል።

መሐንዲሱ ባርነስ ዋሊስ ያመጣው መላ ልጆች ጠፍጣፋ ድንጋይ በኩሬ ላይ ሲያነጥሩ የሚታየው ዓይነት ነው። ቦምቡ በርሜል ይመስላል። ክብደቱ ከ4 ቶን በላይ ሲሆን ከዚያ ውስጥ 3 ቶን ያህሉ ፈንጂ ነው። ከመጣሉ በፊት አውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሆኖ በሞተር ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ በደቂቃ 500 ጊዜ። ሲጣል በውሃው ላይ እየነጠረ መረቡን ይዘላል። ግንቡ ጋ ሲደርስ ይቆምና ይሰምጣል። የኋሊት ሽክርክሪቱ ጥቅም የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ቦምቡ ከግንቡ ተመልሶ እንዳይርቅ፣ ግድግዳውን ተጠግቶ እየተንከባለለ እንዲወርድ ያደርገዋል። 9 ሜትር ገደማ ጥልቀት ሲደርስ የውሃው ግፊት ፈንጂውን ይቀሰቅሳል። ዙሪያውን ያለው ውሃ ኃይሉ እንዳይበተን ያፍነዋል፤ ምቱ በሙሉ ወደ ግንቡ ይሄዳል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ቦምቡ ከ18 ሜትር ከፍታ ከተጣለ ብቻ ነው። በሌሊት፣ አራት ሞተር ባለው ላንካስተር፣ በሰዓት ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ እየተበረረ። የዘመኑ የከፍታ መለኪያ እንዲህ ዝቅ ሲባል አይታመንም። መፍትሔው አስገራሚ በሆነ መንገድ ቀላል ነው። ከአውሮፕላኑ ሆድ ሥር ሁለት ፓውዛ ገጠሙለት። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ። ጨረራቸው ልክ በ18 ሜትር ላይ እንዲገናኝ ተስተካከለ። ውሃው ላይ ሁለቱ የብርሃን ክቦች ተነካክተው ሲታዩ ከፍታው ልክ ነው ማለት ነው። ሲራራቁ ልክ አይደለም።

ርቀቱንም እንዲሁ ለኩት። ባላ መሳይ እንጨት፣ በሁለቱ ጫፎች ላይ አንዳንድ ምስማር፣ ከግርጌ የምታይበት ቀዳዳ። ሁለቱ ምስማሮች በግድቡ ላይ ካሉት ሁለት ማማዎች ጋር ሲገጥሙ ቦምቡ ይለቀቃል። የዘመኑ እጅግ ምሥጢራዊ የጦር መሣሪያ የሚነጣጠረው በእንጨትና በምስማር ነበር።

ሜይ 16 ቀን 1943 ማምሻውን ከስካምፕተን ጣቢያ 19 ላንካስተሮች ተነሡ። በእያንዳንዱ 7 ሰው፣ በድምሩ 133። አዛዡ ጋይ ጊብሰን 24 ዓመቱ ነበር። አንዱ አውሮፕላን በጣም ዝቅ ብሎ ሲበር ከባሕሩ ተላተመና ቦምቡ ከሆዱ ተነቅሎ ሄደ። አብራሪው እንደምንም ይዞት ተመለሰ። ሞህነ በአምስተኛው ቦምብ ተሰበረ። ጊብሰን የራሱን ቦምብ ከጣለ በኋላ ዘወር አላለም፤ ተከታዮቹ ሲገቡ የጠላትን ተኩስ ወደ ራሱ ለመሳብ ከጎናቸው ይበር ነበር። የኤደር ግድብ ለመጨረሻው ቦምብ ተረታ። ዞርፐ ግን አልተሰበረም። እሱ የአፈር ግድብ ነበርና የሚነጥረው ቦምብ አይሠራለትም፤ በላዩ ላይ በቁመቱ እየበረሩ መጣል ነበረባቸው። መግቢያ ላይ ያነሣነው ጆንሰን ቦምብ ጣዩ የነበረበት አውሮፕላን ዘጠኝ ጊዜ ተመላልሶ አልስተካከል ብሎት ቦምቡን የጣለው በአሥረኛው ነው። የቀሪው ሠራተኛ ትዕግሥት ምን ያህል እንደተፈተነ መገመት ነው።

8 አውሮፕላኖች አልተመለሱም። 53 ሰዎች ሞቱ፣ 3 ተማረኩ። ከተመለሱት 77 ውስጥ ሌሎች 32 ጦርነቱ ሳያልቅ ሞተዋል።

ጎርፉ የወሰደው ማንን ነው?

የ617 ዝና በዚህች ሌሊት ላይ የቆመ ስለሆነ ክርክሩም እዚህች ሌሊት ላይ ነው።

በሞህነ ግንብ ላይ 76 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ቀዳዳ ተከፈተ። ጎርፉ ድልድይ፣ የባቡር ሐዲድ፣ ፋብሪካና እርሻ ጠርጎ ወሰደ። ከ1,200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህ ውስጥ ከግማሽ በላይ ጀርመኖች አልነበሩም። ናዚዎች ከምሥራቅ አውሮፓ በግዳጅ ሥራ ያመጧቸው ሰዎች ነበሩ። ኔሃይም ከተማ አጠገብ በሸለቆው ሥር ካምፕ ውስጥ የነበሩት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። ነጻ ያወጣቸዋል የተባለው ወገን ባፈሰሰው ውሃ ሰጠሙ። ለረጅም ጊዜ ይህ በታሪኩ ጥግ ላይ እንኳ አይገባም ነበር።

ውጤቱን የሚያሳንሱ ወገኖች የሚሉት ይህን ነው። ግድቡ ዓመቱ ሳያልቅ ተጠገነ። ለሩር ከሞህነ ጋር እኩል አስፈላጊ የነበረው ዞርፐ አልተነካም። ኤደር ደግሞ የሩርን ፋብሪካዎች የሚመግብ አልነበረም። ከሄዱት አውሮፕላኖች አርባ በመቶ ማጣት ደግሞ የትም አገር የሚደገም ሒሳብ አይደለም። እውነትም ያ ቦምብ ከዚያ በኋላ በጦርነት ላይ አልዋለም።

ሌሎች ሒሳቡ ሙሉ አይደለም ይላሉ። ጥገናው የተፋጠነው በሺዎች የሚቆጠሩ ሠራተኞች ከሌላ ቦታ ተነሥተው ስለመጡ ነው። ከእነሱ ውስጥ በፈረንሳይ ባሕር ዳርቻ ምሽግ ይሠሩ የነበሩ ይገኙበታል። ግድቦቹን ለመጠበቅም መድፍና ወታደር ከሌላ ግንባር ተቀነሰ። የጀርመን የጦር መሣሪያ ሚኒስትር አልበርት ሽፔርም በኋላ ሲጽፍ የገረመው እንግሊዞች ጥገናውን በተራ ቦምብ እንኳ ሳይረብሹ መተዋቸው ነው። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ድብደባው የከሸፈ አልነበረም፤ ያልተጨረሰ ነበር። ስኳድሮኑ የተሰጠውን ሠራ፤ ከበላዩ ያሉት ቀጣዩን ረሱት።

ሕጉም ከዚያ ወዲህ ተለውጧል። በ1977 የጸደቀው የጄኔቫ ስምምነቶች ተጨማሪ ፕሮቶኮል አንቀጽ 56 ግድብንና የኑክሌር ማመንጫን መምታት ይከለክላል፤ የሚለቀቀው ኃይል በሲቪሎች ላይ ከባድ እልቂት የሚያደርስ ከሆነ። እንግሊዝ ፕሮቶኮሉን በ1998 ስታጸድቅ ግን በዚህ አንቀጽ ላይ የራሷን ማብራሪያ አስመዝግባለች፤ ፍጹም ጥበቃ እሰጣለሁ ብላ አልገባችም። በጁን 2023 በዩክሬን የካኾቭካ ግድብ ሲደረመስ የ1943ቱ ሌሊት እንደገና የመከራከሪያ ምሳሌ ሆኖ የመጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ከግድቡ በኋላስ?

ለአንድ ሌሊት የተፈጠረ ቡድን ሌሊቱ ሲያልፍ ምን ይሠራል? መበተን አንዱ አማራጭ ነበር። አየር ኃይሉ ግን ያን ያህል ዝቅ ብሎና ያን ያህል አነጣጥሮ መምታት የሚችል ቡድን በእጁ ስለገባ አቆየው። መጀመሪያው አላማረም። በሴፕቴምበር 1943 የዶርትሙንድ-ኤምስ ቦይን ለመስበር 8 አውሮፕላኖች ወጥተው 5ቱ ቀሩ። አዲሱ አዛዥ ከሞቱት አንዱ ነበር። አብረውት የነበሩት አራቱ በግድቡ ሌሊት ከጊብሰን ጋር የበረሩ ነበሩ።

ቡድኑን መልሶ ያቆመው ሌናርድ ቼሻየር ነው። ስሙ ለአዲስ አበባ ሰው አዲስ አይደለም፤ በመናገሻ አካል ጉዳተኛ ሕፃናትን ሲረዳ የኖረው የቼሻየር ድርጅት ስሙን ያገኘው ከእኚሁ አብራሪ ነው። ቼሻየር ዒላማው ላይ በጣም ዝቅ ብሎ ይገባና ብርሃን ይጥላል፤ ሌሎቹ ከላይ ያንን ብርሃን እያዩ ይደበድባሉ። ዘዴው ቦምቡ ከዒላማው ውጭ እንዳይወድቅ ረድቷል። በኦገስት 1945 ናጋሳኪ ላይ አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ከአጃቢ አውሮፕላን ሆኖ የተመለከተው የእንግሊዝ ታዛቢ እሱ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ መኖሪያ ቤቱን ለሕሙማንና ለአካል ጉዳተኞች ከፈተ።

ከ617 ሥራዎች ሁሉ በጣም የሚደንቀው ግን ቦምብ ያልተጣለበት ነው። ጁን 5 ለ6 አጥቢያ 1944፣ የኖርማንዲ ወረራ ሌሊት። 16 ላንካስተሮች በእንግሊዝ ቻናል ላይ ክብ እየሠሩ ይበራሉ። በየጥቂት ሰከንዱ ብጥስጣሽ የአሉሚኒየም ወረቀት ይበትናሉ። እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ትንሽ ወደ ፈረንሳይ ይጠጋል። የጀርመን ራዳር ላይ ይህ አውሮፕላን አይመስልም፤ በመርከብ ፍጥነት የሚጠጋ ግዙፍ የመርከብ ጓድ ይመስላል። ሙሉ ሌሊት አንድም ጥይት ሳይተኩሱ በሰዓትና በአቅጣጫ መለኪያ ብቻ የሌለ ባሕር ኃይል ፈጠሩ። ይህ ፊልም አልሆነም። ግድብ ሲፈርስ ይታያል፤ ወረቀት መበተን አይታይም።

በኖቬምበር 12 ቀን 1944 ደግሞ ከ9 ቁጥር ስኳድሮን ጋር ሆነው ከ5 ቶን በላይ በሚመዝን ቦምብ የጀርመንን ግዙፍ የጦር መርከብ ቲርፒትዝን ኖርዌይ ውስጥ ትሮምሶ አጠገብ ገለበጡት። በማርች 1945ም 10 ቶን የሚመዝነውን ቦምብ ለመጀመሪያ ጊዜ የጣሉት እነሱ ናቸው።

ሰላም፦ የመጠበቅ ሥራ

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ ብዙ ጊዜ በአንድ አንቀጽ ይታለፋል። ይህ ያሳዝናል። ስኳድሮን ከዕድሜው አብዛኛውን የሚያሳልፈው በሰላም ነውና።

617 በ1955 መጨረሻ ፈረሰ። በሜይ 1958 በተወለደበት ስካምፕተን እንደገና ተቋቋመ፤ አሁን ሥራው የኑክሌር ቦምብ መሸከም ነው። ቫልካን የተባለው ባለ ሦስት ማዕዘን ክንፍ ጄት ተሰጠው። በ1961 አንድ ቫልካን አየር ላይ ነዳጅ እየተሞላለት ከስካምፕተን ሲድኒ፣ አውስትራሊያ ሳያርፍ በ20 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ገባ። ለሕዝብ ሪከርድ ነው። ለሞስኮ ግን መልእክት ነው፤ የትም እንደርሳለን ማለት ነው።

የቀረው ዘመን ጥበቃ ነው። አውሮፕላን ተዘጋጅቶ ይቆማል። ሠራተኛው አጠገቡ ያድራል። ደወል ሲደወል ሮጦ ይገባል፤ ልምምድ ነው ተብሎ ይመለሳል። ሥራው የተሳካለት ምንም ካልሆነ ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ኑሮ ሜዳልያ አያመጣም። ስኳድሮኑ ቫልካንን ይዞ 23 ዓመት ኖረ፤ አንድም ቦምብ በጦርነት ሳይጥል ዲሴምበር 31 ቀን 1981 ፈረሰ። ሦስት ወር ቆይቶ የፎክላንድ ጦርነት መጣ። ቫልካኖች በታሪካቸው ለመጀመሪያና ለመጨረሻ ጊዜ በጦርነት ቦምብ ጣሉ። የጣሉት ሌሎች ስኳድሮኖች ነበሩ።

የሰላም ጊዜን ጠባይ ከሁሉ በላይ የምታሳየው ግን አንዲት የብረት ቁራጭ ናት። የኖርዌይ አየር ኃይል ከቲርፒትዝ አካል የተቆረጠ ግድግዳ ለእንግሊዝ አየር ኃይል ስጦታ ሰጠ። 617 መርከቡን ያሰጠምነው እኛ ነን ይላል። 9 ቁጥርም እኛ ነን ይላል። ከዚያ ሁለቱ ስኳድሮኖች ያችን ብረት ለአሠርት ዓመታት ሲሰራረቁ ኖሩ። አንዱ ሌሊት ገብቶ ይወስዳል፤ ሌላው መላ ዘይዶ ያስመልሳል። በግንብ ውስጥ ቢቀበር፣ በብሎን ቢታሰር አልቀረለትም። በመጨረሻ ወደ ሙዚየም ሄደች፤ ጠቡም በረደ። ላይ ላዩን ሲታይ የልጅ ጨዋታ ነው። ግን አስቡት፦ ቲርፒትዝ ሲሰጥም ያልተወለዱ ሰዎች «እኛ ነን ያሰጠምነው» ብለው ይጣላሉ። ስኳድሮን የሚባለው ነገር ያለው እዚያ «እኛ» ውስጥ ነው።

ስም ማስቀጠል ለምን አስፈለገ?

በእንግሊዝ ስኳድሮን ሲፈርስ ሰዎቹ ይመደባሉ፤ አውሮፕላኖቹ ይሰጣሉ ወይም ይጣላሉ። የሚቀረው ቁጥሩ፣ ዓርማው፣ መሪ ቃሉና ሰንደቁ ነው። አየር ኃይሉ አዲስ ጄት ሲገዛ «የትኛውን ቁጥር እናንሣ?» ተብሎ ይወሰናል። ቀዳሚነት የሚሰጠው ለብዙ ዓመት ላገለገለ ነው። በዚህ ሚዛን ብቻ ቢሆን በ1943 የተወለደው 617 ከ1912ዎቹ ስኳድሮኖች ኋላ ይሰለፋል። የሚያስቀድመው ዝናው ነው። በ1983 ቶርኔዶ ጄት ይዞ ተነሣ። በማርች 2003 60 ዓመት በሞላው ወር ስቶርም ሻዶው የተባለውን ረጅም ርቀት ሚሳይል ኢራቅ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ተኮሰ። በ2014 ፈረሰ፤ በ2018 ተነሣ።

የስም ማስቀጠልን የሚደግፉ ሰዎች ነገሩ ርካሽና ውጤታማ ነው ይላሉ። የ22 ዓመት ቴክኒሻን በበረዶ መሐል አውሮፕላን ሥር ተኝቶ ብሎን የሚያጠብቀው ለደመወዝ ብቻ አይደለም። የሆነ ነገር አካል ነኝ ብሎ ማሰብ አለበት። ያንን ስሜት ከባዶ መፍጠር ዓመታት ይፈጃል፤ ቁጥር ማንሣት ግን ወጪ የለውም።

ተቺዎች ደግሞ ችግሩ እዚሁ ነው ይላሉ፤ ወጪ ስለሌለው። መንግሥት የአውሮፕላን ብዛት ሲቀንስ ዝነኛ ቁጥሮችን ያስቀራል። ሕዝቡ «617 አለ» ይላል፤ ስንት ጄት እንዳለው አይጠይቅም። ኃይሉ ሲሳሳ ስሙ እንዳለ ይቆማል። ሁለቱም ትክክል ናቸው ብል ማምለጫ አይሁንብኝ። ስሙ ለውስጥ ሰው ጉልበት ነው፤ ለውጭ ሰው መጋረጃ ሊሆን ይችላል። ዜና የሚያነብ ሰው ስለ ስሙ ሲሰማ ስለ አውሮፕላኑ ብዛት ቢጠይቅ ይሻለዋል።

የማስታወሱም ነገር ቢሆን የምርጫ ጉዳይ ነው። ጊብሰን በጣም የሚወደው ጥቁር ውሻ ነበረው። ድብደባው በተደረገበት ዕለት ዋዜማ መኪና ገጨው፤ ስካምፕተን ተቀበረ። የውሻው ስም በእንግሊዝኛ ጥቁር ሰዎችን የሚሰድብ ቃል ነው። ያ ቃል የሞህነ መሰበር በሬዲዮ የሚነገርበት ምሥጢራዊ ኮድም ነበር። በ2020 አየር ኃይሉ የመቃብሩን ድንጋይ አንሥቶ ስሙ በሌለበት ተካው። አንዳንዱ ታሪክ ተሰረዘ ብሎ ተቆጣ፤ ሌላው ዘገየ አለ። በኔሃይም የሰጠሙት ሴቶች ስም ግን ያኔም በዚያ ደረጃ አላከራከረም።

መሸፈኛውና ቀጣዩ

የዛሬው 617 ሰዎች የአየር ኃይልና የባሕር ኃይል ድብልቅ ናቸው። ኤፍ-35ቢ ከአጭር መንደርደሪያ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ ማረፍ ስለሚችል ከአውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ላይ ይሠራል። በ2021 «ኤችኤምኤስ ኩዊን ኤልዛቤት» የተባለችው መርከብ ስኳድሮኑን ይዛ እስከ ሩቅ ምሥራቅ ሄዳ ስትመለስ፣ ኖቬምበር 17 ቀን ሜዲትራኒያን ላይ አንድ ጄት ለመነሣት ሲንደረደር ጉልበት አጣ። ከመርከቡ ጫፍ ቀስ ብሎ ባሕር ገባ። አብራሪው በመወርወሪያ ወንበር ዳነ። ምርመራው ያገኘው ምክንያት ሚሳይልም ሶፍትዌርም አልነበረም። የሞተሩ አየር ማስገቢያ ውስጥ ተረስቶ የቀረ መሸፈኛ ነው። ጄቱ ሲቆም አቧራና ጨው እንዳይገባ የሚደረግ ክዳን ማለት ነው። ከመነሣቱ በፊት መውጣት ነበረበት፤ ማንም አላየውም።

ያኔ ሁለት ፓውዛና ሁለት ምስማር ሥራውን አቃኑት። አሁን የመቶ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ጄት በአንድ ክዳን ጠፋ። ሁለቱንም የሠራው አንድ ዓይነት ሰው ነው፤ በሌሊት፣ በድካም፣ በእጁ የሚፈትሽ ቴክኒሻን።

ከዚህ በኋላ የሚመጣውን ለመገመት ሁለት ነገር ማየት ይበቃል። አንደኛው ጄቶቹ የጋራ መሆናቸው ነው። በ2023 መጨረሻ የባሕር ኃይሉ 809 ስኳድሮን በዚያው በማርሃም እንደገና ሲቋቋም ሁለቱ ከአንድ የጄት ክምችት መካፈል ያዙ። ዛሬ 617 የሚያበረውን ነገ 809 ሊያበረው ይችላል። ላንካስተሩ ላይ የተጻፈው ፊደል የአንድ ቡድን ነበር፤ ይህ ግን እየቀረ ነው።

ሁለተኛው ከበድ ይላል። በጁን 2025 የእንግሊዝ መንግሥት 12 ኤፍ-35ኤ ጄቶች ገዝቶ የኔቶ የኑክሌር ተልዕኮ ውስጥ እንደሚገባ አስታወቀ። መቀመጫቸው ማርሃም ነው። ቫልካኖቹ ሲጠብቁ የኖሩት ሥራ ወደ 617 አጥር ግቢ ሊመለስ ነው ማለት ነው። የስኳድሮኑ ዓርማ ላይ የተሰበረ ግድብና መብረቅ አለ። ከሥሩ በፈረንሳይኛ የተጻፈው መሪ ቃል «ከእኔ በኋላ የጥፋት ውሃ ይምጣ» ይላል። በ1943 ንጉሡ ሲያጸድቁት ስለ ግድብ የተባለ ቀልድ ነበር።